መንግሥት ሲለወጥ የጡረተኛው አበል የማን ዕዳ ነው?

ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ ከጊደር መጋላ ብዙም ሳይርቅ የሚኖሩ አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ አሉ። እኔ ሳልወለድ በፊት በሐረርጌ ጠቅላይ ግዛት በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆነው ተቀጠሩ። በደርግ ጊዜ ጠቅላይ ግዛቱ ክፍለ ሀገር ሲባል እሳቸው እዚያው ወንበር ላይ ነበሩ። ኢሕአዴግ ገብቶ ሐረርጌ የሚባለው አስተዳደር ሲከፋፈልም በሥራ ላይ ነበሩ። ጡረታ የወጡት ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ቀን ስለ አበላቸው ስንጨዋወት፣ «ልጄ፣ ሦስት መንግሥት አገልግያለሁ፤ የጡረታ ደብተሬ ግን አንድ ነው» አሉኝ።

ሕግ የተማረ ሰው ይህን አባባል ሰምቶ ዝም ብሎ አያልፈውም። ሰውየውን የቀጠረው ንጉሠ ነገሥታዊ መንግሥት የለም። ለብዙ ዓመታት ከደመወዛቸው መዋጮ የቆረጠው ደርግም የለም። ቀጣሪያቸው የነበረው የሐረርጌ አስተዳደር እንኳ ዛሬ በስም የለም። ታዲያ በየወሩ የሚከፈላቸው ገንዘብ የማን ዕዳ ነው? ዕዳውን የገባው ሲሄድ ዕዳው አብሮት የማይሄደው በምን ምክንያት ነው?

ጥያቄው የሚመለከተው አንድ አገር ውስጥ የሚደረግን የመንግሥት ለውጥ ብቻ አይደለም። ቅኝ ገዥ ጓዙን ጠቅልሎ ሲወጣ፣ አንድ አገር ለሁለት ሲከፈል፣ አንዱ ግዛት ወደ ሌላው ሲቀላቀል ሁሉ ይነሳል። የእኛው ቀጣና ይህን ሁሉ አይቷል። ከታሪኩ የሚገኘውን ትምህርት አስቀድሜ ልናገር፤ ጡረታን ከሥልጣን ርክክብ አደጋ የሚያድነው የተረካቢው ደግነት ሳይሆን በጽሑፍ የተቀመጠ አንቀጽ፣ የታወቀ ባለዕዳ እና ያልጠፋ ማህደር ነው። ከነዚህ አንዱ በጎደለበት ሁሉ የተጎዳው ሽማግሌው ነው።

ከጡረታ ሕግ በፊት የነበረው ጡረታ

ጡረታ የሚለው ቃል የመጣው ጦረ ከሚለው ግሥ ነው። ያረጀን ደግፎ መያዝ፣ ማኖር ማለት ነው። አገራችን ለብዙ ዘመን ጧሪ ቀባሪ ብላ የምታውቀው ልጅን ነው። የመንግሥት አገልጋይ ግን ከልጁ ሌላ አንድ ተስፋ ነበረው፤ እሱም መሬት ነው። ዘመናዊ ደመወዝ ከመለመዱ በፊት ሹሙም ወታደሩም የሚኖረው በማደሪያ፣ በጉልት እና በገባር ነበር። በሐረርም ከ1879 ዓ.ም. የጨለንቆ ጦርነት በኋላ የአፄ ምኒልክ ጦር በዚህ ሥርዓት ሰፍሯል። ማደሪያው ሲያገለግሉ መኖሪያ፣ ሲደክሙ ደግሞ መጦሪያ ነበር።

የዚህ ዓይነቱ ጡረታ ችግሩ ለሰጪው ፈቃድ የተገዛ መሆኑ ነው። የሰጠ መንሳት ይችላል። ሹም ሽረቱ በበዛበት አገር የዛሬ ባለ ማደሪያ የነገ ተመልካች ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው ሙሰኛን ለመውቀስ ነው። እኔ ግን ተረቱን የጡረታ ሕግ የሌለው ኅብረተሰብ ኑዛዜ አድርጌ አነበዋለሁ። ከሹመት በኋላ የሚጠብቀው ነገር እንደሌለ የሚያውቅ ሰው በሹመቱ ጊዜ ለእርጅናው ይሰበስባል። ዋስትና ያለው ጡረታ ለሠራተኛው የሚደረግ ውለታ ብቻ አይደለም፤ መንግሥት ራሱን ከሌብነት የሚጠብቅበት መሣሪያ ጭምር ነው።

ሐረር የርክክብን ነገር ከብዙዎቹ ከተሞቻችን በፊት ቀምሳዋለች። እ.ኤ.አ. በ1875 በራኡፍ ፓሻ የሚመራው የግብፅ ጦር ከተማዋን ያዘ። ግብፆች አሥር ዓመት ገዝተው እ.ኤ.አ. በ1885 ለቀው ሲወጡ ወታደሩ፣ ጸሐፊው እና ቤተሰቡ በሺዎች ሆኖ ወደ ባሕር ወረደ፤ ሥልጣኑም ለአሚር አብዱላሂ ተመለሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ ምኒልክ ገቡ። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን መጣ። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዝ ጦር ጣሊያንን አስወጥቶ ገባ። በስልሳ ስድስት ዓመት ውስጥ ከተማዋ አምስት ጊዜ እጅ ለወጠች ማለት ነው። በእያንዳንዱ ለውጥ ግብር የሚሰበስብ፣ መዝገብ የሚይዝ፣ ቋንቋ የሚያስተረጉም፣ በር የሚጠብቅ የአገሩ ሰው ነበረ። ለእነዚያ ሰዎች ያለፈው መንግሥት አገልግሎት ለአዲሱ መንግሥት ዕዳ ሳይሆን አንዳንዴም ወንጀል ሆኖ ይታይ ነበር።

መሬትን እንደ ጡረታ የመቁጠሩ ዘመን ያበቃው በየካቲት 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። አዋጁ ለጭሰኛው ፍትሕ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን እርጅናውን በመሬት ላይ የጣለው የቀድሞ አገልጋይ በአንድ ቀን አዋጅ መጦሪያውን አጥቷል። በዚያው ጊዜ፣ በዚያው ከተማ፣ የወር መዋጮ ይከፍል የነበረው ጸሐፊ ግን ጡረታው አልተነካበትም። ልዩነቱን ያመጣው ምን እንደሆነ እንይ።

ሦስት መንግሥት የተሻገረ አዋጅ

ለኢትዮጵያ የመንግሥት ሠራተኞች ወጥ የሆነ የጡረታ ሥርዓት የቆመው በድንጋጌ ቁጥር 46/1953 ሲሆን፣ ይህም በአዋጅ ቁጥር 209/1955 ተጠናክሯል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሠራተኛው ከደመወዙ ያዋጣል፤ መንግሥትም እንደ አሠሪ ያዋጣል፤ ጡረታው የሚሰላው በአገልግሎት ዘመን እና በደመወዝ ነው። የንጉሡ በጎ ፈቃድ ከስሌቱ ወጣ። ጡረታ ስጦታ መሆኑ ቀርቶ የተገኘ መብት ሆነ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር በሕግ ታሪካችን ውስጥ ብዙ አይወራለትም። ደርግ የንጉሡን ሕገ መንግሥት ሻረ፣ መሬትን ወረሰ፣ ትርፍ ቤትን ወረሰ፣ ፋብሪካን ወረሰ። አዋጅ ቁጥር 209/1955ን ግን አልሻረም፤ እንዲያውም አሻሽሎ የመንግሥት የልማት ድርጅቶችን ሠራተኞች ጨመረበት። ኢሕአዴግም ገብቶ ከአሥር ዓመት በላይ በዚሁ አዋጅ ሠራ። የተተካው በአዋጅ ቁጥር 345/1995 ነው። ከዚያ አዋጅ ቁጥር 714/2003 መጣ፤ በአዋጅ ቁጥር 715/2003ም የግል ድርጅት ሠራተኞች ለመጀመሪያ ጊዜ በራሳቸው ሕግ ታቀፉ። እነዚህም በበኩላቸው በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1267 እና 1268 ተተክተዋል። የሲቪል ሠራተኛው መዋጮ በአዋጅ 345 ጊዜ 4 በመቶ ከሠራተኛው፣ 6 በመቶ ከመንግሥት ነበር። በአዋጅ 714 ደግሞ ደረጃ በደረጃ 7 እና 11 በመቶ እንዲደርስ ተደረገ።

ንጉሠ ነገሥቱ ያወጡትን አዋጅ አብዮተኛው ለምን ተወው? መልሱ በመዋጮው ላይ ያለ ይመስለኛል። ከደመወዙ ሲቆረጥበት የኖረን ሰው «ይህ የቀድሞው ሥርዓት ጥቅም ነው» ብሎ መንጠቅ ይከብዳል። መሬቱን ያገኘው ከንጉሡ ነበር፤ ጡረታውን ግን የከፈለው ራሱ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ፈንዱ ማዕከላዊ መሆኑ ነው። ሐረርጌ ተከፋፍሎ መሥሪያ ቤቶቹ በኦሮሚያ፣ በሶማሌ፣ በሐረሪ እና በድሬዳዋ ሲመደቡ የጡረታው ዕዳ አብሮ አልተቆራረጠም። ሽማግሌያችን ደብተራቸው አንድ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ቅኝ ገዥ ሲወጣ

እስካሁን ያነሳሁት በአንድ አገር ውስጥ የተደረገ ለውጥ ነው፤ አገሩ ቀጥሏል፣ የተለወጠው መንግሥት ነው። በሕግም መርሁ የታወቀ ነው፤ መንግሥት ቢለወጥ አገር በዕዳዋ ትቀጥላለች። ከባዱ ነገር አገሩ ራሱ ሲለወጥ ነው። በዚህ ረገድ ብዙ ልምድ ያላቸው እንግሊዞች ናቸው፤ ከብዙ አገር ወጥተዋልና።

የመጀመሪያው ትልቅ ምሳሌ አየርላንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 የተፈረመው የእንግሊዝ እና የአየርላንድ ስምምነት በአንቀጽ 10 አንድ ግልጽ ነገር ይናገራል። አዲሱ የአየርላንድ መንግሥት የሚያሰናብታቸው ወይም በመንግሥቱ ለውጥ ምክንያት ጡረታ የሚወጡ ዳኞች፣ ፖሊሶች እና ሌሎች የመንግሥት ሠራተኞች ተገቢ ካሳ ይከፈላቸዋል። ነፃነት የሚያውጅ ውል ስለ ጸሐፊዎች ካሳ መናገሩ ያስገርም ይሆናል። ነገር ግን በዚያው ሳምንት መዝገብ ቤቱን ዘግቶ የሚሄድ ሰው ቢበዛ አዲሱ መንግሥት በምን ይሠራ ነበር?

ሁለተኛው ህንድ ናት። እ.ኤ.አ. በ1947 የወጣው የህንድ ነፃነት ሕግ በአንቀጽ 10 ለንደን ያለው ሚኒስትር የሾማቸው ባለሥልጣናት በአዲሱ መንግሥት ማገልገላቸውን ከቀጠሉ የደመወዝ፣ የፈቃድ እና የጡረታ መብታቸው እንደነበረ እንዲቀጥል ደነገገ። ህንድም በሕገ መንግሥቷ አንቀጽ 314 ይህንኑ አጸናች። ነገር ግን ሕገ መንግሥትም ይሻሻላል። እ.ኤ.አ. በ1972 የተደረገው 28ኛው ማሻሻያ ይህን ልዩ ዋስትና አንስቶ ጉዳዩን ፓርላማው በሚያወጣው ሕግ እንዲወሰን አደረገ። ተረካቢው አገር የገባውን ቃል ተረካቢው አገር ራሱ ሊያሻሽለው እንደሚችል ይህ ያሳያል።

እንግሊዝ ከዚህ ተምራ ይመስላል፣ በመጨረሻ ሌላ መንገድ መረጠች። እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣችው የባሕር ማዶ ጡረታ ሕግ መሠረት በቅኝ ግዛቶች ያገለገሉ የራሷን ባለሥልጣናት ጡረታ ወደ ራሷ ግምጃ ቤት ማዛወር ጀመረች። ይህ ለእንግሊዛዊው ሹም መልካም ነበር። ከሱ ጎን ተቀምጦ ይሠራ የነበረው የአገሩ ተወላጅ ጸሐፊ ግን ዕጣው ከአዲሱ መንግሥት ካዝና ጋር ታስሮ ቀረ። ገንዘቡ ሲወድቅ ጡረታው ወደቀ፤ መንግሥቱ ሲፈርስ ጡረታው ፈረሰ።

ይህን አድልዎ ያስተካከለው ምሳሌ ሆንግ ኮንግ ነው። ከተማዋ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 1997 ወደ ቻይና ስትመለስ ሥራ ላይ የዋለው መሠረታዊ ሕግ በአንቀጽ 100 ፖሊሶችን ጨምሮ ሠራተኞች ሁሉ ከነበራቸው ባላነሰ ደመወዝ እና ጥቅም በሥራቸው እንደሚቀጥሉ ይናገራል። አንቀጽ 102 ደግሞ ከርክክቡ በፊት ጡረታ የወጡትም ሆኑ በኋላ የሚወጡት፣ እንዲሁም ጥገኞቻቸው፣ ዜግነታቸው ምንም ይሁን የትም ይኑሩ ጡረታቸው እንደሚከፈላቸው ይደነግጋል። ባለዕዳው ማን እንደሆነ በስም ተጠርቷል፤ ባለመብቱም ተጠርቷል፤ የዜግነት እና የመኖሪያ ሰበብም አስቀድሞ ተዘግቷል። እኔ የማውቀው የተሻለ የጡረታ ርክክብ አንቀጽ ይህ ነው።

አስመራ፣ 1952

ወደ ቤታችን እንመለስ። በእኛ ቀጣና ጡረታ የዓለም አቀፍ ውሳኔ አካል የሆነበት ቅኝ ግዛት ኤርትራ ናት።

ጣሊያን እ.ኤ.አ. የካቲት 10 ቀን 1947 በፓሪስ በፈረመችው የሰላም ውል በአፍሪካ ከነበሯት ቅኝ ግዛቶች እጇን አነሳች። የዚህ ውል 14ኛ አባሪ በአውሮፓ ለጎረቤቶቿ ስለለቀቀቻቸው ግዛቶች ሲናገር አንድ ጠቃሚ መርህ አስቀምጧል። በዚያ ለጣሊያን መንግሥት ያገለገሉ ሰዎች ያፈሩትን የሲቪል እና የወታደር ጡረታ መክፈሏን ጣሊያን ትቀጥላለች፤ ጊዜው ገና ያልደረሰ የጡረታ መብት ሳይቀር ይከበራል። ዕዳውን የፈጠረው ዕዳውን ይክፈል ማለት ነው።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባዔ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እንድትቀላቀል በውሳኔ 390 እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1950 ወሰነ። የንብረቱን እና የዕዳውን ነገር ግን ለሌላ ውሳኔ አቆየው። እሱም እ.ኤ.አ. ጥር 29 ቀን 1952 የወጣው ውሳኔ 530 ነው። ይህ ውሳኔ የጣሊያን መንግሥት ንብረት ለማን እንደሚተላለፍ በዝርዝር ከወሰነ በኋላ ያንኑ የ1947ቱን መርህ ተከትሎ በጣሊያን ጊዜ የተገኘ የጡረታ ዕዳ በጣሊያን ላይ እንዲቆይ አደረገ። ስለ አፈጻጸሙ የሚነሳ ክርክርን የሚያይ የተባበሩት መንግሥታት ልዩ ፍርድ ቤትም አቋቋመ። ለሊቢያም ከዚያ በፊት በውሳኔ 388 ተመሳሳይ ነገር ተደርጎላታል።

እንግሊዝ ኤርትራን ያስረከበችው እ.ኤ.አ. መስከረም 15 ቀን 1952 ነው። የፌዴሬሽኑ የኤርትራ ሕገ መንግሥት በመሸጋገሪያ ድንጋጌዎቹ በሥራ ላይ ያሉ ሠራተኞች በሥራቸው እንዲቀጥሉ፣ በኤርትራ ስም በአግባቡ የተገቡ ግዴታዎችም እንዲከበሩ ይናገር ነበር። በወረቀት ላይ ሲታይ ይህ የተሟላ ርክክብ ነው። የቀድሞው ገዥ ዕዳው ተነግሮታል፣ ተረካቢው ግዴታው ተነግሮታል፣ ፍርድ ቤት አለ። ፌዴሬሽኑ በኅዳር 1955 ዓ.ም. ሲፈርስ የኤርትራ ሠራተኛ የማዕከላዊው መንግሥት ሠራተኛ ሆነ። ከዚያ ወዲያ እንደ ሐረሩ ጸሐፊ ሁሉ የአስመራውም ጸሐፊ መዋጮ የሚገባው ወደ አንድ የኢትዮጵያ የጡረታ ፈንድ ነበር።

አስመራ እና አዲስ አበባ፣ ከ1985 በኋላ

በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ ኤርትራ ነፃ አገር ሆነች። ከሠላሳ ዓመት በላይ ለኢትዮጵያ የጡረታ ፈንድ ሲያዋጡ የኖሩ ሠራተኞች በአንድ ጊዜ የሌላ አገር ዜጎች ሆኑ። ብዙዎቹ በአስመራ፣ በምፅዋ እና በአሰብ የሠሩ ናቸው። በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋ እና በሐረርም የሠሩ ነበሩ። ይህኛውን መለያየት የሚመራ የተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ አልነበረም፤ ስለ ጡረታ የሚናገር ዝርዝር አንቀጽም ከሕዝበ ውሳኔው ጋር አልመጣም። ጉዳዩ ለሁለቱ መንግሥታት መግባባት ተተወ። መንግሥታቱም በዚያን ጊዜ ወዳጆች ስለነበሩ ተስማምተው ሠሩ።

ወዳጅነቱ ግን በግንቦት 1990 ዓ.ም. በባድመ ጦርነት ፈረሰ። በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ በተፈረመው ስምምነት የካሳ ጥያቄዎችን የሚመለከት ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ኤርትራም ካቀረበቻቸው ጥያቄዎች መካከል ጡረታ አንዱ ነበር። ኮሚሽኑ በዚህ ላይ ራሱን የቻለ የመጨረሻ ውሳኔ የሰጠው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 19 ቀን 2005 ነው። የኤርትራን ጥያቄ አልተቀበለውም። በሁለቱ መንግሥታት መካከል የነበረው የጡረታ ስምምነት ከጦርነቱ መፈንዳት በኋላ እንደ ሰላሙ ጊዜ ሊቀጥል አልቻለም።

ኢትዮጵያ ክርክሩን አሸነፈች። እንደ ኢትዮጵያዊ ቅር አይለኝም፤ እንደ ሕግ ሰው ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። በዚያ መዝገብ ላይ ከሳሽ አገር ነው፣ ተከሳሽም አገር ነው። ሃያ አምስት ዓመት መዋጮ የከፈለው የባቡር ሠራተኛ፣ አስተማሪ፣ የፖስታ ቤት ጸሐፊ በስሙ የቆመበት ቦታ የለም። መብቱ የሱ የግል መብት ተደርጎ አልተጻፈም፤ በሁለት ካዝናዎች መካከል የሚደረግ የሒሳብ ማወራረድ ሆኖ ነው የተያዘው። ስለዚህ ካዝናዎቹ ሲጣሉ እሱ መሐል ላይ ቀረ። የ1952ቱን እና የ1993ቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው ቅኝ ገዥን በሚመለከተው ርክክብ የነበረው ጥንቃቄ በወንድማማቾች ርክክብ ጊዜ እንደጎደለ ይገነዘባል። ሰው ከባዕድ ጋር ሲዋዋል ይጽፋል፤ ከወንድሙ ጋር ሲዋዋል ግን ያፍራል። ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ሁለቱ መሪዎች የጦርነቱን ማብቃት ሲያውጁም የሕዝቡ ትኩረት በስልክ መስመሩ፣ በአውሮፕላኑ እና በድንበሩ መከፈት ላይ ነበር።

ሌሎች ምን አደረጉ?

ለዚህ የሚሆን ዓለም አቀፍ ሕግ የለም ወይ? በከፊል ብቻ። እ.ኤ.አ. በ1983 በቪየና ስለ አገሮች መተካካት፣ ስለ ንብረት፣ ስለ ቤተ መዛግብት እና ስለ ዕዳ የሚናገር ስምምነት ተፈርሟል። ስምምነቱ በቂ አገሮች ስላላጸደቁት በሥራ ላይ ሳይውል ኖሯል። ቢውልም እንኳ ዕዳ ብሎ የሚተረጉመው አገር ለሌላ አገር ወይም ለዓለም አቀፍ ድርጅት ያለበትን ነው። ለጡረተኛው ያለበትን ዕዳ በግልጽ አይሸፍንም።

ስለዚህ አገሮች በየራሳቸው ይስማማሉ። የቀድሞዋ ዩጎዝላቪያ ስትፈርስ የተተኩት አገሮች እ.ኤ.አ. ሰኔ 29 ቀን 2001 በቪየና በፈረሙት ውል አንድ ሙሉ አባሪ ለጡረታ ብቻ ሰጥተዋል። እያንዳንዱ ሪፐብሊክ ራሱ ይከፍል የነበረውን ጡረታ ይቀጥላል፤ የፌዴራሉ ሠራተኞች ጉዳይ ደግሞ ለብቻው ተለይቶ ተደነገገ። ይህም የመጣው ከብዙ ደም እና ከአሥር ዓመት መዘግየት በኋላ ነው። ሱዳን እና ደቡብ ሱዳንም ከተለያዩ በኋላ መስከረም 17 ቀን 2005 ዓ.ም. በዚሁ በአዲስ አበባ ከፈረሟቸው ስምምነቶች አንዱ ከአገልግሎት በኋላ የሚከፈሉ ጥቅሞችን ለማመቻቸት የተደረገ ነው። ሁለቱም ምሳሌዎች የሚያሳዩት ጡረታ ከነዳጅ እና ከድንበር እኩል በድርድር ጠረጴዛ ላይ ሊቀመጥ እንደሚችል ነው።

የእኛ ክፍተት

አሁን የዛሬውን ሕጋችንን እንይ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 39(4) የመገንጠል መብት በሥራ ላይ የሚውልባቸውን ሁኔታዎች ሲዘረዝር በፊደል ተራ (ሠ) ላይ በሕግ መሠረት የንብረት ክፍፍል ሲደረግ ይላል። ንብረት ነው የሚለው። ዕዳ አይልም፤ የሠራተኛ መብት አይልም፤ ጡረታ አይልም። ጡረታ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ የተነሳው በአንቀጽ 35(8) ሴቶች ጡረታቸውን የማስተላለፍ እኩል መብት እንዳላቸው በተነገረበት ቦታ ነው። አንቀጽ 41(5)ም አረጋውያንን ስለ መርዳት ቢናገር አገሪቱ ባላት አቅም በሚል ገደብ ነው።

ይህን ስል ማንም ይገንጠል ማለቴ እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኛል። ግን ሕገ መንግሥቱ በሩን አስቀምጧል፤ በሩን ካስቀመጠ በበሩ ሲወጣና ሲገባ ሽማግሌው እንዳይረገጥ ማሰብ የሕግ አውጪው ሥራ ነው። ከዚህም ያነሰ ለውጥ ያጉላላል። የክልል እና የዞን መዋቅር ሲቀየር፣ መሥሪያ ቤት ሲታጠፍ፣ የመንግሥት ድርጅት ወደ ግል ሲዛወር ሁሉ ርክክብ አለ፤ ርክክብ ባለበት ሁሉ የሚጠፋ ማህደር አለ።

የመግቢያዬ ሽማግሌ ደብተራቸው አንድ ነው ያሉት በቀላሉ አይደለም። ጡረታ ሊወጡ ሲሉ በአንድ አውራጃ የሠሩበት የስድስት ዓመት ማህደር ሊገኝ አልቻለም። አውራጃው ወደ ሌላ ክልል ሄዷል። አንደኛው መሥሪያ ቤት እዚያ ጠይቁ ይላል፤ ሌላኛው ያልተረከብኩትን ከየት አመጣለሁ ይላል። ያወጣቸው ቤት ያለው የቆርቆሮ ሳጥን ነው። የቅጥር ደብዳቤያቸውን፣ የዝውውር ደብዳቤያቸውን፣ የደመወዝ ጭማሪ ደብዳቤያቸውን ሁሉ ከአፄው ዘመን ጀምሮ አስቀምጠው ነበር። ሳጥኑ ባይኖር ስድስት ዓመታቸው በሕግ ዓይን አልኖሩትም ነበር። ሁሉም ሰው ግን ሳጥን የለውም።

ምን ይደረግ?

ካየናቸው ታሪኮች ተነስቼ አምስት ነገር እላለሁ።

አንደኛ፣ የንብረት ክፍፍልም ሆነ የመዋቅር ለውጥ ሕግ ሲወጣ የጡረታ ዕዳ ተረካቢ በስም ይጠቀስ። በጋራ የሚባል ባለዕዳ የለም፤ የጋራ ዕዳ የማንም ዕዳ ነው።

ሁለተኛ፣ መብቱ የሠራተኛው የግል መብት ተደርጎ ይጻፍ። በእኔ አመለካከት የተዋጣ ጡረታ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ከሚጠበቀው የንብረት መብት ሊቆጠር ይገባዋል፤ በጉልበት የተገኘ ነውና። ይህ ከሆነ ባለመብቱ ራሱ ፍርድ ቤት መቆም ይችላል፤ መንግሥት እስኪከስለት አይጠብቅም።

ሦስተኛ፣ ጊዜው ያልደረሰ መብት አይረሳ። የ1947ቱ ውል እንዳደረገው፣ ዛሬ ጡረታ የወጣውን ብቻ ሳይሆን ገና እያዋጣ ያለውንም ይሸፍን። ብዙ ጊዜ የሚጎዳው መሐል ላይ ያለው የአርባ እና የሃምሳ ዓመት ሰው ነው።

አራተኛ፣ የሆንግ ኮንግን አንቀጽ 102 ምሳሌ ተከትሎ ዜግነት እና መኖሪያ መብትን እንዳያስቀሩ ይደንገግ። ሠራተኛው መዋጮውን ሲከፍል ነገ በየትኛው ድንበር ማዶ እንደሚቀር አያውቅም።

አምስተኛ፣ ማህደር። ከርክክቡ በፊት የእያንዳንዱ ሠራተኛ የአገልግሎት ማስረጃ በሁለት ቦታ ይቀመጥ፤ አንዱ ቅጂ በሠራተኛው እጅ ይሁን። ይህ ሕገ መንግሥት ማሻሻል አይጠይቅም፤ ዛሬውኑ ሊሠራ የሚችል የአስተዳደር ሥራ ነው።

አንባቢ የመንግሥት ወይም የግል ድርጅት ሠራተኛ ከሆነ እስከዚያው ከሽማግሌው ይማር። የቅጥር ደብዳቤውን፣ የጡረታ መለያ ቁጥሩን፣ መዋጮ የተቆረጠበትን የደመወዝ ማስረጃ ቅጂ በቤቱ ያስቀምጥ። መሥሪያ ቤቱ ሲታጠፍ ወይም ሲዛወር የአገልግሎት ማረጋገጫ በማኅተም ሳይቀበል አይውጣ። ሹሙ ከተለወጠ በኋላ የሚጠየቅ ማስረጃ ከመለወጡ በፊት ከሚጠየቀው ይልቅ ብዙ ያደክማል።

የሐረር ሰዎች ግብፅን አይተዋል፣ አሚሮችን አይተዋል፣ ጣሊያንን አይተዋል፣ እንግሊዝን አይተዋል። ሁሉም ሲመጣ ለዘላለም የመጣ ይመስል ነበር። በዚያ ሁሉ መሐል ደብተር ይዞ የቆየው ጸሐፊው ነው። እሱ የመንግሥትን ቃል አምኖ ዕድሜውን ሰጥቷል። ቃሉን የሰጠው መንግሥት ቢሄድም ቃሉ እንዳይሄድ ማድረግ የሚቻለው አስቀድሞ በመጻፍ ነው፤ ርክክቡ ከተጀመረ በኋላ የሚጻፍ አንቀጽ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ለተረካቢው ነውና።